የእናት ፍቅርና የዕዳ መዝገብ

የዚህ ገጽ ልማድ ስለ ቅኔና ስለ መጻሕፍት መናገር ሲሆን፥ ዛሬ ስለ ሲኒማ እንድጽፍ ያደረገኝ በከተማችን በጭሮ፥ በቀድሞ ስሟ በአሰበ ተፈሪ፥ የተነሣ አንድ ክርክር ነው። ቀድሞ ቅኔ ያስተማርኋቸው ሁለት ጐልማሶች ከባልንጀሮቻቸው ጋር የአሜሪካ ፊልም አይተው ኖሮ፥ እኩሌቶቹ «የእብድ ሥራ ነው» እኩሌቶቹ ደግሞ «የራሳችን ቤት ታሪክ ነው» ብለው ተጣልተው፥ ፍረዱን ሲሉ መጡ። እኔ እንዲህ ያለውን ለማየት የለመድሁ አይደለሁም። ነገር ግን ጉዳዩ የእናትና የልጅ መሆኑን በሰማሁ ጊዜ እንቢ ለማለት አልቻልሁም።

ፊልሙ አሪ አስተር የሚባል አሜሪካዊ የደረሰውና ያዘጋጀው «ቦ ፈርቷል» የተባለው ነው። በ2015 ዓ.ም.፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ወጣ። ርዝመቱ ሦስት ሰዓት ሊሞላ አንዲት ደቂቃ ይጐድለዋል፤ በእኛ ዘንድ መብራት በመካከሉ ስለ ጠፋ ግን አምስት ሰዓት ፈጅቶብናል። ለሥራው 35 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበት ከሲኒማ ቤት የተመለሰው የዚያን እኩሌታ እንኳ አልሞላም። በወጣበት አገርም ተመልካቹ እንደ እኛዎቹ ጐልማሶች ለሁለት ተከፍሎ ነበር።

ቦ የሚባለው ሰው ዕድሜው የገፋ፥ ሚስትና ልጅ የሌለው ብቸኛ ነው፤ ሁሉንም ይፈራል። መንገዱን ይፈራል፤ ጐረቤቱን ይፈራል፤ ሐኪሙ የሰጠውን ኪኒን ያለ ውኃ እንዳይውጥ ስለ ተነገረው ውኃ የጠፋ ዕለት የሚሆነውን መሆን ማየት ያስቃልም ያሳዝናልም። የአባቱ ሙት ዓመት ደርሶ ወደ እናቱ ሊሄድ ሲነሣ የቤቱ ቁልፍ ከበሩ ላይ ተሰረቀበት። መምጣት እንዳልቻለ በስልክ ቢነግራት፥ ከወዲያ ማዶ የሰማው ዝምታ ከስድብ ይከፋ ነበር። ጥቂት ቆይቶ እናትህ ሞተች ተባለ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እንደ ሕልም ነው፤ መኪና ይገጨዋል፤ ልጃቸው በጦርነት የሞተባቸው ባልና ሚስት በቤታቸው ያስታምሙታል፤ በዱር ውስጥ ከሚዞሩ የቲያትር ሰዎች ጋር ይገናኛል። ከእናቱ ቤት ሲደርስ ቀብሩ አልፏል። እናቲቱ ግን በሕይወት አለች፤ ሞቷን ያስወራችው የልጇን ፍቅር ልትመዝን ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ከሚነቅፉት ወገን ሆኜ ስመለከት ነበር። ቅኔ የሚያውቅ ሰው እንደሚያስተውለው፥ ሰም የሌለው ወርቅ ቅርጽ አይዝም። ይህም ሰው በብዙ ስፍራ ወርቁን ገልጦ ይጥለዋል። በተለይ በሰገነቱ ላይ ያለውን የአባቱን ነገር በምን መልክ እንዳሳየው በዚህ ገጽ ለመጻፍ ነውር ነው፤ ከነውሩም ይልቅ ጥፋቱ ተመልካቹ ራሱ ሊደርስበት ይችል የነበረውን ምስጢር ነጥቆ መናገሩ ነው።

ነገር ግን አንድ ስፍራ አለ፤ እዚያ ላይ ከተቀመጥሁበት ተነሣሁ። ልጁ ለዓመታት ለአእምሮ ሐኪሙ በምስጢር የተናገረው ቃል ሁሉ በመቅረጫ እየተያዘ ለእናቱ ይደርስ ኖሯል። እርሷም የገዛ ድምፁን ከፍታ ታሰማዋለች። የነፍስ አባት የሆኑ ወንድሞቼ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቁታል። ካህን የንስሐን ምስጢር ቢያወጣ ምን ፍርድ እንደሚጠብቀው እናውቃለን፤ ዳሩ ግን እስቲ በእውነት እንናገር፤ «ልጄ እናንተ ዘንድ ይመጣል፤ ምን ነገራችሁ?» ብላ የምትጠይቅ እናት ያልገጠመችው የነፍስ አባት በጭሮም ሆነ በሂርና፥ በበዴሳም ሆነ በገለምሶ ይገኛልን? ክፉ ሆና አይደለም፤ ጨንቋት ነው። ፊልሙም የሚለው ይህንኑ ነው፤ የልጁ ፍርሃት የተወለደው ከእናቲቱ ጭንቀት ነው። እርሷን ሆና የተጫወተችው ፓቲ ሉፖን ይህን ጭንቀት ከቍጣዋ ሥር ሳትለቅ ይዛዋለች። ቦን የሆነው ዋኪን ፊኒክስ ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ በአንድ ቃና ያለቅሳል፤ ያ ያደክማል።

በመጨረሻ ልጁ በታንኳ ሆኖ ወደ ዋሻ ይገባል፤ ዙሪያው በሰው የተሞላ ሸንጎ ነው። የእናቱ ጠበቃ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የበደላትን እያወጣ ይከሰዋል፤ አንደኛው ክስ እናቱ በገበያ አዳራሽ ስትፈልገው ተደብቆ ማስጨነቁ ነው። ለእርሱ የቆመው ጠበቃ ግን ድምፁ እንኳ በደኅና አይሰማም፤ ከገደልም ይጥሉታል። ታንኳይቱ ተገለበጠች፤ ሕዝቡም ምንም እንዳልሆነ ሰው እየተነሣ ወጣ።

ከጐልማሶቹ አንዱ «ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ የእኛ እናት እንዲህ አታደርግም» አለ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ሌላ ፊልም እንድናይ ጠየቅሁ፤ ይኸውም የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። እርሱም ከእናቱ ቤት የሚመለስ የታወከ ልጅ ታሪክ ነውና፥ ሁለቱን ጐን ለጐን ሳያዩ መፍረድ አይገባም።

ኃይሌ ገሪማ የጎንደር ተወላጅ ሲሆን፥ በአሜሪካ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዘመን ሲኒማ ያስተማረ ሰው ነው። «ጤዛ» በ2000 ዓ.ም. ማለቂያ በቬኒስ በዓል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የድርሰት ሽልማት አገኘ፤ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በዋጋዱጉ የአፍሪካን ታላቅ የሲኒማ ሽልማት ወሰደ። ነገሩ ስለ አንበርብር ነው። አንበርብር በጀርመን ሕክምና ተምሮ፥ በደርግ ዘመን ወደ አገሩ ተመልሶ፥ ጓደኛው ተስፋዬ በግፍ ሲገደል ያየ፥ በኋላም በምሥራቅ ጀርመን ዘረኞች አደጋ አድርሰውበት እግሩን ያጣ ሰው ነው። በ1982 ዓ.ም. ከጣና ዳር ወዳለችው መንደሩ ሲመለስ ሌሊት በቅዠት ይጮኻል፤ የሆነውን ለመናገርም ቃል አያገኝም። ታሪኩ እንደ ልጁ አእምሮ የተሰባበረ ነው፤ ዛሬ ከትናንት፥ ሕልም ከእውን ተቀላቅሎ ይመጣል። ስለዚህም «አይገባም» ብለው የሚያማርሩ አሉ። እኔ ግን በዚህ ረገድ ኃይሌ ትክክል ነው እላለሁ፤ ግፍ ያየ ሰው ያየውን በቅደም ተከተል አያስታውስም።

እናቱ ታድፌ ልጇን ወደ ጠበል ትወስደዋለች። ይህን ክፍል ሳይ፥ የተማረ ሰው የሠራው ስለ ሆነ በጠበሉ ይዘባበት ይሆን ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተዘባበተም፤ ልጁም እንዲሁ አልዳነም። የሚታየው ሌላ ነገር ነው፤ ልጁ ጠበሉን የሚታገሠው ለራሱ ብሎ ሳይሆን ለእናቱ ብሎ ነው። የእናቱ ተስፋ ከሕመሙ በላይ ሌላ ሸክም ሆኖበታል። ሐኪም ሆኖ ይመለሳል የተባለው ልጅ ራሱ ታማሚ ሆኖ መጣ፤ መንደሩም ያያል። ያም ቢሆን ያቺው ሴት በመንደሩ የተጠላችውን አዛኑን በቤቷ ያስጠጋች ናት። የቦ እናት ቤት ሸንጎ ነው፤ የታድፌ ቤት ግን መጠጊያ ነው።

ዳሩ ግን ኃይሌንም ያለ ነቀፌታ አላልፈውም። እናቲቱን አገር ትሆን ዘንድ ስለ ፈለገ እጅግ አነጻት፤ ስትቈጣ፥ ስታኮርፍ፥ የለፋችውን ስትቈጥር አናያትም። ሰው መሆኗ ቀርቶ ምሳሌ ልትሆን ጥቂት ቀርቷት ነበር፤ ያዳናት እርሷን የሆነችው የተዋናይቱ የተክለች በየነ ፊት ነው። በዚያ ፊት ላይ ድካም አለ።

ስለ መቍጠር ከተነሣ የራሴን ልንገር። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴን ሳልሰናበት በሌሊት ወጥቼ ደበሎ ለብሼ፥ አኩፋዳ ይዤ፥ ወደ ቅኔ ቤት ሄድሁ። ብዙ ተማሪ እንዲሁ ነው ያደረገው፤ ብንሰናበት ባልተለቀቅን ነበርና። በአራተኛው ዓመት ስመለስ እናቴ አንድም ቃል አልወቀሰችኝም፤ ውኃ አሙቃ እግሬን አጠበችኝ። ከዚያ በኋላ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ፥ በዓል በመጣ ቍጥር፥ ሰው በተሰበሰበበት ያለቀሰችባቸውን ሌሊቶች ትቈጥር ነበር። እኔም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቅኔ ስቀኝ ሳልፈራ፥ እርሷ ፊት ስቀመጥ መዳፌ ያልበኝ ነበር። የዚያን ታንኳ ክስ ስሰማ የሳቁት ጐልማሶች መካከል እኔ ያልሳቅሁት ስለዚህ ነው። ተደብቄ ነበርና።

ስለዚህ «የፈረንጅ በሽታ ነው» ላለው ልጅ እንዲህ ብዬ መለስሁለት። የፈረንጁ እናት ዕዳውን በመቅረጫ መዘገበችው፤ የእኛዋ «ባጠባሁህ ጡት ይዤሃለሁ» ትለዋለች። በጨርጨር ተራሮች ዙሪያ ባሉት ከተሞቻችን ስንቱ ልጅ ነው፥ እናቱ ላሚቱን ሸጣ በጅቡቲ በኩል ወደ ዐረብ አገር የላከችው? ከዚያ ማዶ ሆኖ ሥራ ባጣ ጊዜ ስልክ መደወል ይፈራል። ረኀቡን ሳይሆን «ደኅና ነህ ልጄ?» የሚለውን ድምፅ ይፈራል። ሳይሄድ የቀረውም ጫቱን ይዞ ከግንብ ሥር ሲውል ማታ ወደ ቤት መግባት የሚከብደው እናቱ ስለምትመታው አይደለም፤ እራቱን ከድና ስለምትጠብቀው ነው። በኦሪትም ርብቃ ልጇን ያዕቆብን ስለ ወደደችው በአባቱ ፊት እንዲዋሽ መከረችው፤ ርግማኑንም በራሷ ላይ ወሰደች። ልጁ ግን ሃያ ዓመት በስደት ኖረ፤ ሲመለስም ወንድሙን እየፈራ ነበር። የእናቱ ፍቅር እውነት መሆኑ ከፍርሃቱ አላዳነውም።

ልጁ ዝም አለ። ሌላው ግን «እንግዲያ የአሜሪካው ይሻላል ማለትዎ ነውን?» አለኝ። አይደለም። አሪ አስተር መዝገቡን አይቶ ወተቱን አላየም፤ እናቲቱን ከጠላት በቀር ሌላ አላደረጋትም፤ ልጁም አንቆ ሊገድላት እጁን ሲያነሣ ከጥላቻ በቀር የተዘጋጀ ነገር የለም። በኃይሌ ዘንድ አንበርብር በመጨረሻ ለመንደሩ ልጆች አስተማሪ ሆኖ ይቆማል፤ የእናቱን ዕዳ ለእናቱ ሳይሆን ለሕፃናቱ ይከፍላል። ሥራውም በዚህ ይበልጣል።

«ጤዛ»ን በሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ፥ እናቶች ባሉበት ማሳየት ይቻላል፤ ጎልማሶቹም ተርጓሚ አያስፈልጋቸውም፥ ቋንቋው በአብዛኛው አማርኛ ነውና። ሁለተኛውን በአዳራሽ አላሳይም፤ ነውሩ የበዛ ነው። ካህናት ግን በግል ቤታቸው ያን የድምፅ መቅረጫውን ክፍል ቢያዩት እወዳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ቢተዉት አይጐዱም። የቤቱ ባለቤት የሆነው ልጅ ግን ፊልሙ ካለቀ በኋላ መብራቱን ሳያበራ ጥቂት ተቀምጦ ቆየ፤ እናቱ በጓዳ ቡና ትወቅጥ ነበር።