ማኅተሙና የዱቤ መዝገቡ

ሰሞኑን ደሴ ላይ ከአንድ ሰባኪ የሰማሁት ትርጓሜ አልዋጥልኝ አለ። የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 13ን ገልጦ፣ በእጅ ስልክ የሚላክ ገንዘብ ሁሉ ለ666ቱ ማኅተም መንገድ ጠራጊ ነው አለ። ጉባኤውም «አሜን» አለ።

ለመሆኑ ገንዘብ መልኩን ሲለውጥ ይህ የመጀመሪያው ነውን? አባቶቻችን የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበትን ጠገራ ብር ቋጥረው ቤተ ክርስቲያን ይሳለሙ ነበር፤ ጠገራው ቀልጦ የአንገት መስቀል የሆነበትም ጊዜ አለ። ጌታም ምስሉ የማን እንደሆነ ጠየቀ እንጂ ዲናሩ ርኩስ ነው አላለም።

የሰባኪው ስሕተት መፍራቱ አይደለም፤ የሚፈራውን ነገር ማሳነሱ ነው። ምዕራፉ ስለ ምልክቱ ብቻ ሳይሆን ከመግዛትና ከመሸጥ ስለ መከልከልም ይናገራል። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ነው። ከአምስት ወር በኋላ፣ በጥቅምት 2014፣ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ባንክ ተዘጋ፤ ኔትወርክ ጠፋ። ስልኬ ውስጥ ያለው ብር አንድ ኪሎ ዱቄት አልገዛልኝም። ግንባሬ ላይ ደግሞ ምንም አልተጻፈም ነበር! ያበላኝ፣ ስሜን በዱቤ መዝገቡ ላይ የጻፈው ሙስሊሙ ጎረቤቴ፣ ባለ ሱቁ ነው።

ሰባኪውም ያኔ እዚሁ ነበር። በአንድ ሰዓት ስብከቱ ግን ይህን አላነሣውም።