አሮጌ ጠመንጃ የሚታደሰው ሲገዛ ነው

በአፈሙዙ ባሩድና እርሳስ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ገዝቶ ማደስ ሲባል፣ ብዙው ሰው የሚያስበው ከግዢው በኋላ ያለውን ሥራ ነው፤ ዝገት መፋቅ፣ እንጨት መቀባት፣ የተሰበረ መተካት። እኔ ግን ትልቁ የእድሳት ውሳኔ የሚወሰነው ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ነው እላለሁ። ከእንዲህ ያለ መሣሪያ የሚጎድለው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱን እጅ ይመልሰዋል፣ ሌላውን ማንም አይመልሰውም። ዋጋ የሚገባው ማንም ለማይመልሰው ነው፤ የአዳሹም ቀዳሚ ግዴታ እሱን አለማጥፋት ነው።

የእንግሊዙን የ1853 ኤንፊልድ እንውሰድ። በርሜሉ 99 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ውስጡም ሦስት ጠመዝማዛ ቦዮች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1868 ከናፒየር ጋር ወደ መቅደላ የዘመቱት እንግሊዛውያን ወታደሮች የያዙት ስናይደር፣ ከኋላው እንዲጎርስ ከተለወጠው ከዚሁ ኤንፊልድ የመጣ ነው። ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ያረጋግጥ። መጠቅጠቂያውን ዘንግ እስኪቆም ድረስ ወደ በርሜሉ ይሰደው፣ አፈሙዙ ላይ ምልክት ያድርግበት፣ ከዚያ አውጥቶ ምልክቱን ከአፈሙዙ ጋር በማስተካከል በውጭ በኩል ያስተኛው። የዘንጉ ጫፍ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው የመዳብ ቆብ ከሚቀመጥበት ቦታ ብዙ ሳይደርስ ከቀረ፣ በርሜሉ ጎርሶ ሊሆን ይችላል፤ በደረቅ የቆየ ባሩድ ደግሞ መቶ ዓመት ቢያልፈውም ይቀጣጠላል። ቀጥሎ የመቺውን መሣሪያ የያዘው የጎን ብረት ከእንጨቱ ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ በጣት ይዳስስ። እንጨቱ ከብረቱ ዝቅ ብሎ ከተገኘ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቋል ማለት ነው። በብረቱ ላይ የተመቱት ማኅተሞች ጠርዛቸው ከደበዘዘ፣ የብሎኖቹም ቀዳዳ ዙሪያው ከጎደጎደ፣ ብረቱ ተሞርዷል። ያ ማኅተምና ያ ጠርዝ ተመልሰው አይመጡም።

«ወታደሩ ራሱ መሣሪያውን ይወለውል አልነበረምን?» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ያጸዳው ነበር። ነገር ግን የኤንፊልዱ በርሜል ከፋብሪካ የወጣው ዝገት በሚከላከል ጠቆር ያለ ቀለም ነው፤ ብረቱ ነጭ ሆኖ የወጣው የአሜሪካኑ የ1861 ስፕሪንግፊልድ ነው። እንደ መስተዋት የተወለወለ ኤንፊልድ ስለዚህ ያልነበረ ታሪክ ይናገራል። ዝገት ሲባልም ሁለት ነው። ጣት ላይ የሚቀረው ቀዩ ብረቱን እየበላ ስለሆነ በዘይት አርሶ፣ ብረቱን በማይጭር የመዳብ ቁራጭ ማንሳት ይገባል። ጠቁሮ የረጋው ቡናማ ግን ይቆይ፤ እሱን መፋቅ ማኅተሙን አብሮ መፋቅ ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ «ካልተኮሰ ምኑን ጠመንጃ ሆነ?» የሚለው ነው። እኔም መተኮሱን አልቃወምም፤ ሙያ ያለው ሰው በርሜሉንና የኋላ መድፈኛውን መርምሮ ከፈቀደ፣ በጥቁር ባሩድ ብቻ ይተኮስ። ጭስ አልባ ባሩድ የሚፈጥረው ግፊት በርሜሉን ሊያፈነዳው ይችላል። ከተኩስ በኋላም ጥቁር ባሩድ እርጥበት የሚስብ ጨው ይተዋል፤ ዘይት ይህን ጨው አያሟሟውም፣ ውኃ እንጂ። በሙቅ ውኃ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት መቀባት ነው። ዘወትር መተኮስ ለሚሻ ጣሊያኖች በአሮጌው አምሳል የሚሠሩት አዲስ ጠመንጃ አለለት።

«ያልተነካ ጠመንጃ የሚገዛው ባለጠጋ ነው» ለሚሉም መልሱ ከዚሁ ሐሳብ ይወጣል። ሰደፉ የተሰነጠቀ፣ ብሎን የጎደለው፣ ነገር ግን ማንም ያልሞረደው ጠመንጃ ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ስንጥቅ ይጣበቃል፣ ብሎንም በልክ ይሠራል። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል፤ ኤንፊልድ ይሠሩ የነበሩት የበርሚንግሃም ባለሙያዎች እያንዳንዱን ክፍል በሞረድ ያስማሙ ስለነበር የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው እንዳለ አይገጥምም። ስለዚህ አቅሙ ያነሰው ገዢ ከሚያብለጨልጨው ይልቅ የተሰበረውን ግን ያልተሞረደውን ይምረጥ። በሙያው ሊጠግነው የሚችለውን ጉድለት በርካሽ ገዝቶ፣ በምንም ገንዘብ የማይገኘውን በእጁ ያስገባል።