ፍርሃቱ ሲበርድ ግድያው ጨመረ፦ ዋሽንግተን በክራክ ዘመን

ሴፕቴምበር 5 ቀን 1989 ምሽት (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ፣ አባትየው፣ ከኋይት ሐውስ በቴሌቪዥን ቀርበው ክራክ (የሚጨስ ኮኬይን) የታሸገበት ላስቲክ ከፍ አድርገው ለሕዝቡ አሳዩ። ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ካለው መናፈሻ የተያዘ ነው አሉ። በዚያው ወር ኒውዮርክ ታይምስና ሲቢኤስ ባካሄዱት የሕዝብ አስተያየት ጥናት፣ ከተጠየቁት አሜሪካውያን 64 በመቶው የአገሪቱ ቀንደኛ ችግር አደንዛዥ ዕፅ ነው ብለው መለሱ። ዓመት ሳይሞላ ይኸው አኀዝ ወደ 10 በመቶ ገደማ አሽቆለቆለ።

የላስቲኩን ታሪክ ዋሽንግተን ፖስት ብዙም ሳይቆይ አወጣው። ላፋዬት በሚባለው በዚያ መናፈሻ የክራክ ገበያ አልነበረም። የፌዴራሉ የዕፅ ቁጥጥር ወኪሎች ናቸው አንድ የ18 ዓመት ተማሪ አግባብተው ሸቀጡን እዚያ ድረስ ይዞ እንዲመጣ ያደረጉት፤ ልጁ ኋይት ሐውስ የት እንዳለ እንኳ በቅጡ አያውቅም ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ ያውም ኩበቱን ራሳቸው አስቀምጠው የለቀሙት።

ይህን ማጭበርበር ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። የሚያመራምረው ግን ሕዝቡ ለምን በቀላሉ እንዳመነ ነው። ያመነው ከተማዋ በእርግጥ እየደማች ስለነበር ነው። በ1985 በዋሽንግተን የተገደሉት 150 አይሞሉም ነበር። በ1989 ከ430 አለፉ። በ1991 ደግሞ 600 ሺህ ያህል ነዋሪ ባላት ከተማ 480 ገደማ ሰው ተገደለ። እነዚህን ዓመታት ከአስተያየት ጥናቱ ጎን እናስቀምጣቸው። ሳዳም ሁሴን ኩዌትን በወረረበትና የአገሬው ዓይን ወደ ባሕረ ሰላጤው በዞረበት በ1990 የዕፅ ስጋት ከዝርዝሩ ቁልቁል ወረደ፤ የዋሽንግተን ሟቾች ቁጥር ግን ገና ሽቅብ እየወጣ ነበር።

ተመራማሪዋ ካትሪን ቤኬት በ1997 ባሳተመችው «ሜኪንግ ክራይም ፔይ» በተሰኘው መጽሐፏ የምትከራከረው በዚሁ መስመር ነው። የሕዝብ ስጋት የሚከተለው የወንጀሉን መጠን ሳይሆን የፖለቲከኞችን ዘመቻና የመገናኛ ብዙኃንን ዘገባ ነው ትላለች። ማስረጃዋ ጠንካራ ነው፤ ሆኖም ክርክሩ አንድ ቦታ ላይ ይሳሳል። አገር አቀፍ ጥናት የሚለካው ተኩስ ሰምቶ የማያውቀውን የገጠር አሜሪካዊ ስጋት ጭምር ነው። በዋሽንግተን ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ የምትኖር እናት ልጇን ከመስኮት ሥር አንሥታ ስታስተኛ ግን ማንም ፖለቲከኛ አላስተማራትም፤ በዓይኗ አይታ ነው። የመጀመሪያው ፍርሃት ከቴሌቪዥን ጋር ይበርዳል። ሁለተኛው ሰውን ዝም ያሰኛል፤ የዓይን ምስክር ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ይቀራል፣ ገዳይ ነጻ ይወጣል፣ የሟች ወገን በራሱ እጅ ይበቀላል። ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ በአንድ መለኪያ መለካት፣ በእኔ ግምት፣ የወንጀል ፍርሃት ጥናቶች ትልቁ ድክመት ነው።

ሕዝቡ በምናቡ የሣለው ገዳይም ከእውነተኛው ይለያል። ተመራማሪው ፖል ጎልድስቲንና ባልደረቦቹ በ1988 በኒውዮርክ ከተማ የተፈጸሙ 414 ግድያዎችን መርምረው ከግማሽ የሚበልጡት ከዕፅ ጋር እንደሚያያዙ አገኙ። ከእነዚህም ሦስት አራተኛ ያህሉ የገበያው ግድያዎች ነበሩ፦ የመሸጫ ቦታ ሽሚያ፣ ያልተከፈለ ዕዳ፣ የተበላ ሸቀጥ። ክራክ አጭሶ አእምሮውን ስቶ የማያውቀውን መንገደኛ የገደለ፣ ያ በየዜናው የሚፈራው ሰው፣ በቁጥር እጅግ ጥቂት ነው። ክርክሩ ሕገወጥ ገበያን ስለመግራት መሆን ሲገባው «አውሬ» ስለማሰር ሆነ።

ጉዳዩ ለዋሽንግተን ኢትዮጵያውያን የሩቅ ወሬ አይደለም። በዚያ ዘመን በአዳምስ ሞርጋን ሰፈር ምግብ ቤት የከፈቱ፣ ታክሲ የያዙ ብዙዎች ነበሩ። ሌሊት እጁን የዘረጋን ሰው ማንሣት ወይም ማለፍ፣ የአናኮስቲያን ወንዝ መሻገር ወይም እምቢ ማለት ለታክሲ ነጂ በቅጽበት የሚወሰን ነገር ነው። የመዘረፍ አደጋው እውነት ነበር። ታክሲዎች ጥቁር ተሳፋሪ ዘለው ያልፋሉ የሚለው አቤቱታም በከተማዋ ለዓመታት ተሰምቷል፤ ዘሎ የሚያልፈው ነጂ ራሱ ጥቁር የሚሆንበት ጊዜ አለ። ፍርሃት የቆዳ ቀለምንና ሰፈርን የአደጋ ምልክት አድርጎ ሲያነብብ፣ የሚያነብበው ሰው የራሱ ፊት በሌላው ዘንድ እንዴት እንደሚነበብ ይዘነጋል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ፍርሃቱ የወለደው ሕግ ነው። በጁን 1986 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው ዝነኛ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሌን ባያስ በኮኬይን ሞተ። የወሰደው ዱቄቱን ነበር፤ ወሬው ግን ክራክ ነው አለ። የአሜሪካ ምክር ቤት በዚያው ዓመት በጥድፊያ ባወጣው ሕግ በ5 ግራም ክራክ የተያዘ ሰው 500 ግራም ዱቄት ኮኬይን ከያዘው ጋር እኩል ቢያንስ 5 ዓመት እንዲታሰር ተደነገገ። በክራክ የሚከሰሱት ደግሞ በአብዛኛው ጥቁሮች ነበሩ። በ1989 ያየነው የሕዝቡ ፍርሃት ዓመት ሳይሞላው በረደ፤ 100 ለ1 የሆነው ሚዛን ግን 24 ዓመት ቆየ። በ2010 የተሻሻለው ሕግ ልዩነቱን ወደ 18 ለ1 ዝቅ አደረገው እንጂ አላስተካከለውም።