«ጠንካራ»፥ «የማይሰበር»፥ «ውኃ የማያስገባ»፤ የስማርት ስልክ አካል በሚገለጽባቸው ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

ከውጭ ቋንቋ ወደ አማርኛ የሚመለሱ የሸቀጥ መግለጫዎች የሥነ መዝገበ ቃላት ባለሙያዎችን ትኩረት ሲስቡ እምብዛም አይታይም። ለሕግና ለሕክምና፥ ለፊዚክስና ለእርሻ የሙያ ቃላት ተሰብስበዋል፤ ወይም እንዲሰበሰቡ ተሞክሯል። ሰው ቀን ከሌት በእጁ ስለሚይዘው ስልክ የሚነገረው ቃል ግን ለነጋዴና ለማስታወቂያ ጸሐፊ የተተወ ይመስላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፥ ስልኩ ስለተሠራበት ቁስና ስለ አሠራሩ ጥራት በሚነገሩ ጥቂት ቃላት ላይ ሂስ ማቅረብ ነው።

ከሁሉ በፊት የሚመጣው «ጠንካራ» ነው። በአማርኛ ጠንካራ ገመድ አለ፤ ጠንካራ እንጨት አለ፤ ጠንካራ ተማሪም አለ። ቃሉ ይህን ሁሉ መሸከሙ ለዕለት ንግግር ጸጋ እንጂ ጉድለት አይደለም። በቁስ ጥናት ግን ቢያንስ ሦስት ጠባዮች ተለይተው ይታያሉ። አንደኛው ቁሱ በሌላ ቁስ ሲፋቅ አለመጫሩ፥ ሁለተኛው ሲጫኑት ወይም ሲስቡት ቅርፁን ሳይለቅ ኀይሉን መሸከሙ፥ ሦስተኛው ሲመታ ወይም ሲወድቅ ስንጥቅ ሳይዛመትበት ምቱን መቀበሉ ነው። በመጀመሪያው ጠባይ ከተፈጥሮ ማዕድናት አልማዝን የሚስተካከል የለም፤ ዳሩ ግን በመዶሻ ቢመቱት ይፈረከሳል። ጎማ በተቃራኒው በምስማር ይጫራል፤ ከፎቅ ቢወረወር ግን አይሰበርም። ሁለቱንም «ጠንካራ» ብሎ ያለፈ መግለጫ ስለ ሁለቱም ምንም አልነገረንም።

የስልክ መስታወት ይህ ልዩነት ጎልቶ የሚታይበት ነገር ነው። ኮርኒንግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው ጎሪላ ግላስ እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣው የመጀመሪያው አይፎን ጀምሮ በሰፊው የታወቀ ሲሆን፥ የአሠራሩም ዘዴ የሚያስደንቅ ነው። መስታወቱ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚሞቅ የቀለጠ የፖታሲየም ጨው ውስጥ ይነከራል፤ ከገጹ ላይ ትንንሾቹ የሶዲየም አዮኖች ይወጡና ትልልቆቹ የፖታሲየም አዮኖች ቦታቸውን ይወስዳሉ። በጠባብ ወንበር ላይ ወፍራም ሰው እንደ ማስቀመጥ ነው፤ ገጹ ይጨናነቃል፤ ስንጥቅም ይህን መጨናነቅ አሸንፎ ለመከፈት ይቸገራል። ይሁን እንጂ ይኸው መስታወት መስታወትነቱን አልተወም። ፍሪድሪኽ ሞስ የተባለው ጀርመናዊ የማዕድን ሊቅ ባወጣው ባለ 10 ደረጃ መለኪያ የስልክ መስታወት 6ኛው ደረጃ ላይ መጫር ይጀምራል፤ አሸዋ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ ደግሞ 7ኛ ነው። ስለዚህ ተራ ቢላዋ ያልጫረውን መስታወት ኪስ ውስጥ የገባ አሸዋ ይጭረዋል። አብዛኛውን ጊዜም የጭረት መከላከያው ሲጠነክር የስብራት መከላከያው ይላላል፤ መሐንዲሶቹ ዓመት ከዓመት የሚታገሉት ሁለቱን ለማስታረቅ ነው። የእኛ ተርጓሚ ግን «ለጭረት የማይበገር» የሚለውን «ጠንካራ» ብሎ ይመልሰዋል፤ ቀጣዩ ጸሐፊ «ጠንካራ» የሚለውን ይወስድና «የማይሰበር» ያደርገዋል። በሁለት እርምጃ የጭረት ወሬ የስብራት ዋስትና ሆነ ማለት ነው።

ለመጀመሪያው ጠባይ «ጥጥርነት» ይባል የሚሉ አሉ። ቃሉ መልካም ነው፤ ችግሩ «ጠጣር» በትምህርት ቤት የፈሳሽና የጋዝ ተጓዳኝ ሆኖ መያዙ ነው፤ በዚያ አነጋገር ቅቤም ሲረጋ ጠጣር ነው። እኔ የምመርጠው «ቻለ» ከሚለው ግስ የሚወጣውን «ቻይ» ነው። ብርዱን ቻለው፥ ሸክሙን ቻለው እንላለን፤ ቻይ ሰው ስንልም ትዕግሥቱ ወሰን የሌለው ነው ማለታችን አይደለም። «አይበገሬ» እና «አይሰበሬ» ፍጹም ናቸው፤ «ቻይ» ግን ልክ አለው። እንግዲህ «ጭረት ቻይ» እና «ስብራት ቻይ» ብንል ሁለቱ ጠባዮች ይለያያሉ፤ «ጥንካሬ» ደግሞ ለሁለተኛው ጠባይ፥ ማለት ጭነት ለመሸከም፥ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አይፎን 6 ፕላስ ኪስ ውስጥ ጎበጠ ተብሎ ብዙ የተወራበት የጥንካሬ ጉድለት ነበር፤ በተከታዩ ዓመት ኩባንያው የአሉሚኒየሙን ዓይነት ለውጧል።

ስለ ብረታ ብረቱ ብዙ አልልም። ወጥ ቤታችን ውስጥ «ብረት ድስት» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ስለሆነ፥ «ብረት» ለማናቸውም የብረታ ብረት ዘር መጠሪያ መሆኑን ሕዝቡ ራሱ ወስኗል። ይሁን እንጂ አሉሚኒየም፥ የማይዝግ ብረትና ታይታኒየም በዋጋም በክብደትም ስለሚለያዩ በየስማቸው መጠራት ይገባቸዋል። ከዚህ የከፋው «የታይታኒየም ቀፎ» የሚለው አነጋገር ነው። «ቀፎ» በንግግራችን ከሲም ካርዱ የተለየው ስልኩ በሙሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው አይፎን 15 ፕሮ ታይታኒየም የሆነው ግን በዙሪያው ያለው ክፈፍ ብቻ ሲሆን፥ ውስጡ አሉሚኒየም፥ ፊቱና ጀርባው መስታወት ነው። «የታይታኒየም ክፈፍ» ማለት ምን ይከብዳል?

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ሦስተኛው ቃል ነው። የእህቴ ልጅ «ውኃ የማያስገባ» የሚል የአማርኛ ማስታወቂያ አንብባ ስልክ ገዛች። ልጂቱ ያነበበችውን አመነች፤ ስልኩ ሲቆሽሽም ሳሙና በተበጠበጠበት ሳፋ ውስጥ ነክራ አጠበችው። ስልኩ ሞተ። ሻጩ የእንግሊዝኛውን የዋስትና ወረቀት አውጥቶ፥ ፈሳሽ ገብቶበት ለሚደርስ ብልሽት ኀላፊነት እንደማይወሰድ አሳያት። ወረቀቱን እኔም አንብቤዋለሁ፤ እንግሊዝኛው «ይቋቋማል» ይላል እንጂ «አያስገባም» አይልም። በእንግሊዝኛው ያልተሰጠ ተስፋ በአማርኛው ተሰጥቷል።

በስልኮች ላይ የሚጻፈው አይፒ 68 ራሱ ልክን የሚናገር ምልክት ነው። 6 ቁጥር አቧራ ፈጽሞ እንደማይገባ ያመለክታል፤ 8 ቁጥር ደግሞ አምራቹ ራሱ በገለጸው ጥልቀትና ጊዜ በውኃ ውስጥ መቆየትን ነው። ስለዚህ ያው 68 በአንዱ ኩባንያ ስልክ 1.5 ሜትር፥ በሌላው 6 ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ለ30 ደቂቃ ነው። ሳሙናና የባሕር ጨው በዚህ ውስጥ አይቆጠሩም፤ መገጣጠሚያውን የሚያሽገውም ጎማ መሰል ነገር በዕድሜ ይደክማል። «ውኃ ቻይ» ብሎ ልኩን ማስከተል ይቻላል፤ ለምሳሌ «ውኃ ቻይ፤ እስከ 1.5 ሜትር ጥልቀት፥ ለ30 ደቂቃ፥ በንጹሕ ውኃ»።

ይህን ሐሳብ ያቀረብኩለት አንድ የማስታወቂያ ተርጓሚ፥ ለዚያ ሁሉ ቃል ወረቀቱ ላይ ቦታ እንደማይገኝ ነግሮኛል። የቦታው ጥበት እውነት ይሆናል፤ ሆኖም በዚያው ወረቀት ላይ የካሜራው ቀዳዳ ልክ ከነጥብ በኋላ ካለው አኃዝ ጋር ተሟልቶ ተጽፎ አይቻለሁ።