ሹመት፤ ከጎንጮ እስከ አራት ኪሎ

ስለ ሹመት የምንጽፈው ሁሉ በአንድ ቅርጽ ይወጣል፤ ድሮ ንጉሡ እንደ ፈቃዱ ይሾምና ይሽር ነበር፣ ዛሬ ምክር ቤት ያጸድቃል። አከፋፈሉ ለአንባቢም ለጸሐፊም ይመቻል። ይፋት ግን አይመችበትም። ከጣርማ በር ግርጌ በሸዋ ሮቢት አድርጎ እስከ አፋር ሜዳ የሚወርደው ቆላ ለዘመናት በሸዋ ነገሥታት በተሾሙ ሰዎች ተዳድሯል። የተሾሙበትን መንገድ በጥሞና ያየ ሰው ከሁለቱ መደቦች በየትኛውም ሊያስቀምጠው አይችልም።

የወላስማ ቤት በ1285 እ.ኤ.አ. የመኽዙሚዎቹን የሸዋ ሱልጣንነት አጥፍቶ ይፋትን ከያዘ በኋላ፣ ነገሥታቱ አገሩን ለማን እንደሚሰጡ ሲወስኑ ከዚያ ቤት መውጣት ተቸግረዋል። ዓምደ ጽዮን (1314–1344 እ.ኤ.አ.) የይፋቱ ሱልጣን ሰብረዲን ባመፀበት ጊዜ ድል አድርጎ ያዘው፤ በምትኩ ያስቀመጠው ግን የሰብረዲንን ወንድም ጀማለዲንን ነው። ጀማለዲንም ከዳ፤ ሦስተኛው ወንድም ናስረዲን ተሾመ። ዜና መዋዕሉን የሚያነቡ ብዙዎች እዚህ ላይ የንጉሡን ክንድ ያደንቃሉ። ለእኔ የሚታየኝ የእጁ መታሰር ነው። ጦሩን አሸንፎ፣ ሱልጣኑን ማርኮ፣ አገሩን ረግጦ የቆመ ንጉሥ በሁለተኛው ክህደት ማግስት እንኳ የሚሾመውን የፈለገው እዚያው ቤት ነው። ሌላ ሰው ቢልክ ይፋት አይገብርለትም። ስሙን የሚጠራው ንጉሡ ቢሆንም ስሙ የሚወጣበትን ቤት የወሰነው ይፋት ነበር።

ከአምስት መቶ ዓመት በኋላም ነገሩ አልተለወጠም። ሳህለ ሥላሴ (1813–1847 እ.ኤ.አ.) ገዥዎቹን በመሻር የታወቀ ንጉሥ ነበር። የይፋት አበጋዝ ወላስማ መሐመድ ግን ዘሩን ከጥንቶቹ ሱልጣኖች የሚቆጥር እስላም ሆኖ፣ የቆላውን ጠረፍ፣ ከታጁራ የሚመጣውን የሲራራ መንገድና የዓሊዩ አምባን ገበያ በር ይዞ ኖሯል። ስለ እሱ የምናውቀው አብዛኛው በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝን መልእክተኞች መርቶ ከመጣው ከዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተገኘ ነው፤ ሃሪስ ደግሞ ፋሬ ላይ በወላስማው ታግቶ፣ ጓዙ ቆሞበት፣ ተበሳጭቶ የጻፈ ሰው ነው። ኬላ ላይ የተጉላላ መንገደኛ ስለ ኬላ ጠባቂው በጎ እንዲጽፍ አይጠበቅም። የእኛ ጸሐፊዎች ግን የሃሪስን ብስጭት ከመረጃው ሳይለዩ ወረሱት፤ ወላስማው በመጻሕፍታችን የንጉሥ ሞገደኛ አሽከር ሆኖ ቀረ።

ከሥልጣኑ ሁሉ በላይ የሚያስገርመው ጎንጮ ነው። የንጉሡ ወንድሞችና የቅርብ ዘመዶች፣ ማለትም አልጋውን ሊጠይቁ የሚችሉት ሁሉ፣ በሰንሰለት ታስረው የሚጠበቁበት ጎንጮ በወላስማው እጅ ነበር። ለክርስቲያኑ ንጉሥ ቤት እስላም ዘበኛ! ይህን የንጉሡ ቸልታ ወይም ቸርነት አድርጎ መተርጎም ሞኝነት ነው። የሸዋ መኳንንት ማንም ይሁን ማን ከታሳሪዎቹ በአንዱ በኩል ይዛመዳል፤ ነገ አንዱን ፈትቶ ሊያነግሥና ራሱ ሊከብርበት ይችላል። ወላስማው ግን በሃይማኖቱ ምክንያት ለአልጋው ሊታሰብ አይችልም፣ በዘሩ ምክንያት ደግሞ ይፋትን ሊያጣ አይችልም። ከሹመቱ ውጭ የሚመኘው አልነበረም። ጥቅሙ ከተጠባቂዎቹ ጥቅም ጋር የማይተሳሰርን ሰው ለጥበቃ መምረጥ ዛሬ በደንብና በመመሪያ ልናስከብረው የምንደክምበት ነገር ነው። በዚህ አላደንቀውም ብል ውሸት ይሆናል። ይሁንና ብልህነቱ ሰንሰለቱን ለያዘው እንጂ በሰንሰለቱ ላሉት አልነበረም፤ በተዳፋቱ ላይ የሚያርሰው የአርጎባ ገበሬም ከዚያ ቤት ማን እንደሚወጣ የጠየቀው የለም።

የሿሚን እጅ መታሰር ከስኮትላንዷ ኤድንብራ ጋር ሳነጻጽር የማስበው ስለ 1641 እ.ኤ.አ. ነው። ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ የመንግሥት ሹሞቹን በስኮትላንድ ፓርላማ ምክርና ይሁንታ ሊሾም ተገደደ። ለቻንስለርነት የሞርተኑን ጌታ አቀረበ፤ ተነሥቶ የተቃወመው የሞርተን የገዛ አማች አርጋይል ነው። ንጉሡ ሐሳቡን ለወጠ፤ ሹመቱ ለላውደን ሆነ። በ1661 እ.ኤ.አ. የንጉሡ ሥልጣን በሕግ ሲመለስ ድሉ ጠፋ። ለዓመታት ግን ፓርላማው ፊት የቀረበ አንድ ስም ሊወድቅ እንደሚችል የታወቀበት ዘመን ነበር።

የእኛን ጉዞ እንለፈው፤ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮች፣ በ1948 ሕገ መንግሥት ሚኒስትር መሾም የንጉሠ ነገሥቱ እንደሆነ መጽናቱ፣ በ1958 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ሚኒስትሮቻቸውን የመምረጥ መብት ማግኘታቸው የታወቀ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 እና 74 ሚኒስትሮች በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀርበው በተወካዮች ምክር ቤት እንዲጸድቁ አዘዘ። ይህ አንቀጽ ከሚገባው በላይ ተሞግሷል። ሥራው ሲታይ ዝርዝር ይቀርባል፣ የትምህርትና የሥራ ልምድ ይነበባል፣ እጅ ይወጣል። ዝርዝሩ በጥቅል ሲቀርብ አንድን ሚኒስትር ያልወደደ አባል ምርጫው ሁሉንም መቀበል ወይም ሁሉንም መጣል ነው፤ ስለዚህ ማንንም አይጥልም። ጥቅምት 6 ቀን 2011 ከ20 ሚኒስትሮች ግማሾቹ ሴቶች ሆነው ሲሾሙ፣ ከጎረቤታችን አፋር የወጡት አይሻ መሐመድም የመከላከያ ሚኒስትር ሲሆኑ አገር ተደሰተ፤ ደስታውም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ያጸደቀው ምክር ቤት አንድም የተቃዋሚ ፓርቲ ተመራጭ አልነበረበትም። ጋዜጦቻችን የሴቶቹን ቁጥር ቆጥረው የድምፅ አሰጣጡን ሳይጠይቁ አለፉ። ያ ስብሰባ ሹመቱን ሰማ እንጂ አልመረመረም።

የተሻለውን ሌላ አገር መፈለግ አያሻም። በአዋጅ 1133/2011 መሠረት ለምርጫ ቦርድ አባልነት መጀመሪያ ከሕዝብና ከፓርቲዎች ጥቆማ የሚቀበል ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ኮሚቴው ስሞቹን አጣርቶ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባል፤ ምክር ቤቱ የሚያየው በመጨረሻ ነው። የመምረጫውን መስክ ከሿሚው እጅ አውጥቶ ለሌላ ሰው መስጠት፣ ከዓምደ ጽዮን ጀምሮ ይፋት በጉልበት ያደርገው የነበረውን በሕግ ማድረግ ነው። ልዩነቱ መስኩ አንድ ቤት አለመሆኑ ነው። ለሚኒስትሮች ይህን ያህል መሄድ ባይቻል እንኳ እያንዳንዱ ስም ለብቻው ቋሚ ኮሚቴ ፊት እንዲቀርብና ለብቻው ድምፅ እንዲሰጥበት ለማድረግ ሕገ መንግሥቱን መንካት አያስፈልግም፤ የምክር ቤቱን የአሠራር ደንብ ማሻሻል ይበቃል። የወረዳና የከተማ ምክር ቤቶችም፣ የቀወትም ሆነ የሸዋ ሮቢት፣ የካቢኔ አባላትን የሚያጸድቁት በዚያው በጥቅሉ ልማድ እስከሆነ ድረስ ለውጡ ከታች ቢጀመር ማንም የሚከለክል ሕግ የለም።