ሴፍቲኔት በወረርሽኙ ወራት፤ በአንድ ጥናት ላይ የቀረበ ትችት

የኮሮና ወረርሽኝ በኢትዮጵያ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከታየ በኋላ፥ በልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የታቀፉ የገጠር ሰዎች ከማኅበረሰብ ሥራ ዐርፈው ክፍያቸውን በሙሉ እንዲቀበሉ መንግሥት አሳስቦ ነበር። ክፍያው ምን ያህል እንደ ጠቀመ ከመረመሩት ጥናቶች አንዱ፥ ክብሮም አባይ፥ ጉዑሽ ብርሃነ፥ ጆን ሆዲኖትና ክብሮም ታፈረ አዘጋጅተውት የዓለም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ያወጣው ነው።

አጥኚዎቹ ከወረርሽኙ በፊት በአካል የጠየቋቸውን ቤተሰቦች በ2012 ዓ.ም. በሰኔ ወር ገደማ በስልክ መልሰው ጠየቁ። በውጤቱም የምግብ እጥረት የሚደርስባቸው ቤተሰቦች በመቶ 11.7 ነጥብ ሲጨምሩ፥ በሴፍቲኔት ለታቀፉት ግን ጭማሪው 2.4 ነጥብ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ያንኑ ቤተሰብ ከራሱ ከቀድሞው ኑሮ ጋር ማነጻጸር የሚመሰገን ዘዴ ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ለዋድላና ለላስታ ደጋ እንዳለ ይሠራል ለማለት ሁለት ነገሮች ያግዱናል።

አንደኛው ስልኩ ነው። የዋድላ ወረዳ ከተማ ኮን ከወልድያ ወደ ወረታ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ስለምትገኝ ነጋዴዋ በስልክ ይገኛል። ዋድላንና ደላንታን በሚለየው ጥልቅ ሸለቆ ጥግ የምትኖር ባልቴት ግን በስልክ ትገኛለች ማለት ያስቸግራል። ስልክ የሌለው ድኻ ከመዝገቡ ሲወጣ፥ የቀሩት ያገኙት ጥቅም የሁሉ መስሎ ይታያል። ይህን በሒሳብ ማቃናት ቢቻልም፥ የሚቃናው በመዝገብ የሠፈረው ልዩነት ብቻ ነው።

ሁለተኛውና የሚብሰው ወሩ ነው። በአሠራሩ መሠረት ጉልበት ያለው ቤተሰብ ሠርቶ የሚከፈለው በዓመት ለ6 ወር፥ አብዛኛውን ጊዜም ከጥር እስከ ሰኔ ነው፤ 12 ወር ሙሉ የሚረዱት መሥራት የማይችሉ አቅመ ደካሞች ናቸው። እንግዲህ ጥያቄው የቀረበው ክፍያው ሊያበቃ ሲል ነው። በደጋው ግን ጎታ የሚራቆተው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ከዚህም በላይ በልግ በሚያርሱት ቀበሌዎች ገብስ የሚደርሰው በሰኔና በሐምሌ ስለ ሆነ፥ የሰኔ መልስ የክፍያውን ጥቅም ከበልጉ ዝናብ ለይቶ ለማሳየት ያዳግተዋል።

ስለዚህ ጥናቱ ያስረዳው ሴፍቲኔት በሚከፈልባቸው ወራት ረኃብን መከላከሉን ነው፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። «ፕሮግራሙ ወረርሽኙን ተቋቋመ» ብሎ መደምደም ግን ከማስረጃው ማለፍ ነው። ጉዳዩ የቃላት ክርክር አይደለም። ባለሥልጣን 2.4 የሚለውን ቁጥር ይዞ ስድስቱ ወር ይበቃል ቢል፥ የጎደለውን የሚከፍለው በክረምት ዘሩን የሚበላውና በሬውን የሚሸጠው ገበሬ ነው።

ጉድለቱን ለመሙላት የሚያስፈልገው በነሐሴ ወር፥ በእግር ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ፥ ስልክ ያለውንም የሌለውንም እኩል መጠየቅ ነው። ክረምት ደግሞ ተማሪ የሚያርፍበት ወቅት ነው። በየወረዳው የተወለድን ተማሪዎች ይህን ሥራ ለሌላ የምንተውበት ምክንያት አይታየንም።