ባሌ በተመራማሪዎች ብዕር፦ የተጻፈውና የቀረው

የባሌ ደጋ ዛሬ የብዙ የትምህርት ዘርፎች መገናኛ ነው። የአርኪዮሎጂ ሊቃውንት በፊንጫ ሐበራ ዋሻ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ይኖሩ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ አድርገዋል። የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎች ቀይ ቀበሮን ያጠናሉ፤ ብሔራዊ ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በሮቤ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ለመምህራንና ለኢማሞች ግን ይበልጥ የሚቀርቡት የታሪክና የሃይማኖት ጥናቶች ናቸው። እነዚህን በአድናቆት ብቻም ሆነ በጥርጣሬ ብቻ ማንበብ ፍርድን ያዛባል።

እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1970 የዘለቀውን የባሌ ዐመፅ እንውሰድ። ገብሩ ታረቀ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ ዐመፁን ከገበሬ ዐመፆች ተርታ አሰልፈው የመሬትን፣ የግብርንና የአስተዳደርን በደል ያስቀድማሉ። ተርጄ ኦስተቦ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ሥራ የመሬት ጥያቄ ብቻውን በቂ ማብራሪያ እንደማይሆን፣ ሃይማኖትና ብሔረሰብ ተነጣጥለው ሊታዩ እንደማይችሉ ይሞግታሉ። የመጀመሪያው የገበሬውን ሸክም በግልጽ ያሳያል፤ እስልምናን ግን ከኋላ ረድፍ ያስቀምጣል። ሁለተኛው ይህን ጉድለት ያርማል፤ ነገር ግን ጥንቃቄ የጎደለው አንባቢ በሕዝቦች መካከል የማይሻር ጠላትነት እንዳለ አድርጎ ሊረዳው ይችላል። ሁለቱን አጣምሮ ያነበበ መምህር ለተማሪዎቹ የተሻለ ሚዛን ያቀርባል።

ኦስተቦ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት፣ በባሌ ስለተስፋፋው የሰለፊያ እንቅስቃሴ የሚተርከው መጽሐፍም ትልቅ ቁም ነገር አለው። እንቅስቃሴው ከውጭ መጥቶ እንዲያው የተጫነ ሳይሆን፣ ከሳዑዲ ዐረቢያ ተምረው የተመለሱ የአገሩ ልጆች፣ ነጋዴዎችና ወጣቶች የተከራከሩበትና የቀረጹት መሆኑን ያስረዳል። ሆኖም ዋና ምንጩ የቃል ታሪክ ነው። እዚህ ላይ ከዑለማእ የወረስነው ሚዛን ይጠቅመናል። ተራኪው ማን ነው? ከማን ሰማ? በክርክሩ ከየትኛው ወገን ቆሞ ነበር? ወደ ድሬ ሼኽ ሑሴን በሚደረገው ዚያራ ላይ አቋም የያዘ ሰው ትዝታው ከአቋሙ ነፃ ላይሆን ይችላል። ደግሞም ተመራማሪ የሆነውን ይገልጻል እንጂ ፈትዋ አይሰጥም። ጥናቱን እንደ ፈትዋ የሚጠቅስም፣ ፈትዋ ስለሌለው የሚያወግዝም ሁለቱም ከመንገዱ ወጥተዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ክፍተት ግን በዘርፎቹ መካከል ያለው ነው። አል-ዑመሪ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባሊን ከሰባቱ የሙስሊም አገሮች አንዷ አድርጎ ጽፏል፤ አንድርዜየቭስኪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስለ ሼኽ ሑሴን የሚነገሩትን የኦሮምኛ ትውፊቶችና ውዳሴዎች አጥንቷል። በቃል የተነገረውን፣ በዐረብኛና በዐጀም የተጻፈውንና ከመሬት ተቆፍሮ የወጣውን ጎን ለጎን አቅርቦ የሚመረምር ሥራ ግን ገና ያስፈልገናል። ለዚህም ኪታብ አንባቢው ሼኽ የመረጃ ምንጭ ብቻ ተደርጎ መጠየቅ የለበትም፤ የጥናቱ ባልደረባ ሊሆን ይገባል። ውጤቱም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጠቃልሎ ወደ ሮቤና ጎባ መድረሳዎች መመለስ አለበት። አንድ ዓሊም ሳይጠየቅ ባለፈ ቁጥር የሚበጠሰውን የሪዋያ ሰንሰለት ከዚያ በኋላ የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ሊቀጥለው አይችልም።